በጎኑ የተሳለው ሰው ምን ያያል?

ካፒቴን ማጂድ ኳሷን ይዞ ወደ ጎል ይሮጣል፤ ሩጫው ግን አያልቅም። ሜዳው እንደ ምድር ክበብ ጎብጧል፤ የጎሉ ብረቶች ገና ከአድማሱ በታች ናቸው። ልጁ እየሮጠ ያለፈውን ያስታውሳል፣ ተከላካዩ ከራሱ ጋር ይሟገታል፣ ከሜዳው ዳር ያሉት ደጋፊዎች ያነባሉ፤ በመጨረሻ ኳሷ ስትመታ የዕለቱ ክፍል ያበቃና ግቡ መቆጠር አለመቆጠሩ ለነገ ይተላለፋል። ጃፓን ውስጥ «ካፒቴን ጹባሳ» ተብሎ የተወለደው ይህ ካርቱን ዐረብኛ ድምፅ ተሰጥቶት፣ የባለታሪኩም ስም ማጂድ ተብሎ ከተለወጠ ወዲህ በዐረብኛ ተናጋሪው ዓለም ሳያየው ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው ስፔስቱን የተባለ የሕፃናት ጣቢያ ደግሞ በሳተላይት አማካይነት ሩቅ ድረስ አዳረሰው። በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ከተማ፣ በማሽላውና በሰሊጡ ገበያ ዙሪያ ኑሮ ከመሠረቱ ኢትዮጵያውያን የተወለዱ ልጆችም ከሱዳናውያን እኩዮቻቸው ጋር አብረው ያዩት ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግሞ የሚያይ ልጅ አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም። ማጂድ ሜዳው እንደዚያ መርዘሙን ያውቃል? ዓይኑ የፊቱን ግማሽ መያዙን፣ ጸጉሩ በነፋስ የማይፈርስ እሾህ መሆኑን ያስተውላል? ወይስ ለእርሱ ሰው ማለት እንደዚያ ነው? ዐዋቂው «ሥዕል ምን ያውቃል!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ባይዘጋው ጥሩ ነበር። ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ነው፤ በሁለት አገር መካከል ለሚኖር ሰው ደግሞ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም።

በዚህ ጥያቄ ላይ ከተሠሩት ሁሉ ሳይበልጥ የማይቀረው ፊልም ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ቻክ ጆንስ ባዘጋጀው «ደክ አመክ» በተባለው ካርቱን ውስጥ ዳፊ የተባለው ዳክዬ ከማይታይ ሠዓሊ ጋር ይጣላል። ዳፊ ጎራዴ መዝዞ የድሮ ዘመን ተዋጊ ሆኖ ሲገባ ሠዓሊው ከጀርባው ያለውን ሥፍራ ወደ እርሻ ይለውጥበታል፤ የገበሬ ልብስ ለብሶ ሲመለስ ሥፍራው የበረዶ አገር ሆኖ ይጠብቀዋል። ዳክዬው ይቆጣል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን የሚቆጣው በመሳሉ አይደለም። የለበሰው ከቆመበት ጋር ስላልተስማማ ነው። ቀለም ሲጠፋ ቀለም ይጠይቃል፤ ድምፅ ሲጠፋ ድምፅ ይጠይቃል፤ «ለምን ቀለም ሆንሁ?» ብሎ ግን አይጠይቅም። ከሁሉ የሚደንቀው ሠዓሊው ዳፊን አጥፍቶ፣ ፊቱ አበባ የመሰለ ባለ አራት እግር ጉድ አድርጎ እንደገና ሲስለው ነው። ዳክዬው በዚያ አካል ውስጥ ሆኖ እያወራ ይሄዳል። የሆነ ነገር እንደተለየበት ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። የሚጮኸው መስተዋት ከፊቱ ሲሳልለት ብቻ ነው።

ከመልሱ ግማሹ እዚህ ያለ ይመስላል። የተሳለ ሰው አሳሳሉን በገላው አያውቀውም፤ የሚያውቀው መስተዋት ሲመጣበት ወይም በሌላ እጅ የተሳለ እንግዳ ሲገጥመው ነው። ከዚያ በኋላ የመጡትም ፊልሞች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። የ«ሲምፕሰንስ»ቱ ሆመር እ.ኤ.አ. በ1995 በቀረበ አንድ ክፍል ከለመደው ጠፍጣፋ ዓለም ወጥቶ ጥልቀት ወዳለው የኮምፒዩተር ዓለም ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው የራሱን ሆድ መዳበስ ነው፤ መጎበጡን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የ«ስፓይደርማን» ካርቱን ውስጥ ደግሞ ከጥቁርና ነጭ ዓለም የመጣ ጀግና አለ። ባለ ብዙ ቀለም የመጫወቻ ኪዩብ እጁ ገብቶ ያገላብጠዋል፣ ቀለሞቹን መለየት ይቸግረዋል፣ ሆኖም ወደ አገሩ ይዞት ይመለሳል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከቀልድነቱ ይልቅ ሐዘኑ ይበልጣል። ቀለም በሌለበት አገር ያንን ኪዩብ ለማን ያሳየዋል?

ገዳሪፍ ውስጥ ባለ የሐበሻ ቤት ግን ሥዕል የሚያሳየው ቴሌቪዥን ብቻ አይደለም። ከእርሱ በላይ ግድግዳው ላይ ቅድስት ማርያም ወይም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉ። ብዙ ጊዜ በማተሚያ የተባዛ የፈረንጅ ሥዕል ነው፤ የአገር ቤቱ አሳሳልም ግን አይጠፋም። በዚህ አሳሳል ውስጥ ለዘመናት የቆየ አንድ ደንብ አለ። ደግ የሆነ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ፣ ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ ይሳላል። ክፉው፣ ማለትም ይሁዳ፣ ሰቃዮቹ፣ ሰይጣን፣ በጎኑ ይሳላል፤ የሚታየውም አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ደንቡ በየዘመኑና በየሠዓሊው እጅ እኩል አልተጠበቀም። ይሁን እንጂ ሥሩ በጣም የጠለቀ ስለነበር በሃያኛው መቶ ዘመን የአድዋን ጦርነት ለገበያ ይስሉ የነበሩ ሠዓሊዎችም ይዘውት ሄደዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዚያ ሸራ ላይ ሲታይ ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹ በአንድ ዓይን ይዋጋሉ።

ይህ ደንብ ብዙውን ጊዜ እንደ ፍርድ ብቻ ይተረጎማል፤ ሠዓሊው ጻድቁንና ኃጥኡን የሚለይበት ምልክት ነው ይባላል። ትክክል ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ነገሩ የማየትም ጉዳይ ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ጣራውን የሞሉት ክንፋም የመላእክት ፊቶች በእነዚያ ትልልቅ ዓይኖቻቸው ቁልቁል ሲመለከቱት ያገኛቸዋል። ወደየትኛውም ጥግ ቢሄድ ከዕይታቸው አይወጣም። እነርሱ ከሥዕሉ ውጭ ሰው መኖሩን ያውቃሉ። በጎኑ የተሳለው ግን ከሥዕሉ ወጥቶ አያይም፤ የሚያየው በዚያው ሸራ ላይ ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው። ወይ የሚወጋውን ሰው ያያል፣ ወይ የሚቀበለውን ብር። የሚያየው ሰው እንዳለ አያውቅም፤ ስለማያውቅም አያፍርም። እንግዲህ የገዳሪፉ ልጅ የጠየቀውን ጥያቄ የጥንት ሠዓሊዎች በዝምታ መልሰውት ነበር ማለት ነው፤ የተሳለ ሰው ሁሉ አያውቅም፣ አንዳንዱ ግን ያውቃል፣ የሚያውቀውም በዓይኑ ይታወቃል። የሩቆቹ ሠዓሊዎችም ተመሳሳይ ብልሃት ደርሶላቸዋል። በ«ሲምፕሰንስ» ዓለም ሰዎቹ ሁሉ በእያንዳንዱ እጃቸው አራት ጣት ብቻ ሲኖራቸው፣ እግዚአብሔር ሲሳል ግን ባለ አምስት ጣት ነው። ከታች ያሉት አንድ ጣት እንደጎደላቸው አያውቁም፤ ላይኛው ያውቃል።

በዚህ ደንብ ውስጥ መንገድ የተሻገረ አንድ ሰው አለ። ለንጊኖስ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህ ሮማዊ ጭፍራ አንድ ዓይኑ የታወረ ነበር፤ የክርስቶስን ጎን በጦር ሲወጋ የፈሰሰው ደም ነክቶት ዓይኑ በራለት፣ አመነም። ተረቱን ሳይሆን ሥዕሉን ብቻ አስቦ ለሚያይ ሰው ይህ እጅግ የሚገርም ነገር ነው። ባለ አንድ ዓይን ከሆኑት ወገን የነበረ ሰው፣ በሥዕሉ መካከል ሳለ፣ ሁለተኛ ዓይኑን ያገኛል። እንደ ዳፊ መስተዋት አልቀረበለትም፤ ራሱ በወጋው ሰው ደም ነው አሳሳሉ የተለወጠው። ከዚያች ቅጽበት በፊት ጎደሎነቱ አይታወቀው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን የቀድሞውንም ማየት ሳይጀምር አይቀርም፤ ሁለት ዓይን ያለው ሰው ብቻ ነውና አንድ ዓይን ምን እንደሆነ የሚያውቅ።

ስለ አድዋ የተባለው ስለ መተማም ሊባል ይችላል፤ እዚህ ላይ ግን ነገሩ ወደ ገዳሪፍ ይጠጋል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ያ የዓይኖች ቤት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በዓመቱ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ ዘምተው መተማ ላይ ገጠሙ። ድሉ ወደ እርሳቸው ባደላበት ሰዓት በጥይት ተመትተው ወደቁ፤ አስከሬናቸው በጠላት እጅ ገባ፣ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። በኢትዮጵያ በኩል ያለችው ከተማ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ይህን ጦርነት የአገር ቤት ሠዓሊ በደንቡ ሲስለው ዐፄ ዮሐንስ ሁለት ዓይን፣ ባላጋራቸው አንድ ዓይን ይኖራቸዋል። ያ ባላጋራ ግን ለገዳሪፍ ሰው የታሪክ መጽሐፍ ደርቡሽ አይደለም፤ የባለሱቁ ቅድመ አያት፣ የቤት አከራዩ ቅድመ አያት ነው።

በኦምዱርማን በኩል ያው ጦርነት በቃል ተሳለ። ኢስማዒል አብዱልቃድር አል-ኩርዱፋኒ የተባለው የመሕዲያ ዘመን ጸሐፊ ስለዚህ ዘመቻ አንድ መጽሐፍ ጽፏል፤ ስሙም «አጥ-ጢራዝ አል-መንቁሽ ቢ-ቡሽራ ቀትሊ ዩሐና መሊክ አል-ሑቡሽ» ይባላል። ወደ አማርኛ ቢመለስ «በሐበሾች ንጉሥ በዮሐንስ መገደል ብሥራት ያጌጠው ጥልፍ» እንደ ማለት ነው። «ጢራዝ» የሚለው ድምፁ ከአማርኛው «ጥራዝ» ቢቀርብም ዐረብኛው የልብስ ጥልፍን ያመለክታል። «ሐበሽ» ማለት ሲቻል «ሑቡሽ» የተባለውም ከ«መንቁሽ» ጋር ቤት እንዲመታ ይመስላል። ሰውየው ሲያጌጥ የሐበሾቹ ስም እንኳ ለጌጡ ሲባል ቅርጹን ለወጠ። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ በጎናቸው የቆሙት ኢትዮጵያውያኑ ናቸው። ሁለቱም ወገን ሌላውን በአንድ ዓይን ስሏል፤ ሁለቱም ራሱን ፊት ለፊት አይቷል። በሁለቱ መካከል የሚያድግ ልጅ ግን በአንደኛው ሸራ ላይ ሁለት ዓይን፣ በሌላኛው ላይ አንድ ዓይን አለው። በትምህርት ቤት «ሐበሽ» ሲባል አንዱን ይሰማል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ሌላውን።

ወደ ማጂድ እንመለስ፤ ዓይኑን ትተን አፉን እንስማ። ማጂድ የሚናገረው ፉስሐ የተባለውን የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው። ለኳስ ጓደኛው «አቀብለኝ!» ብሎ የሚጮኸው የዓርብ ስብከትና የማታ ዜና በሚነበብበት ቋንቋ ነው። በገዳሪፍ ሱቅ አንድ ልጅ በዚህ ቋንቋ ስኳር ቢጠይቅ ባለሱቁ መሳቁ አይቀርም። በማጂድ ላይ ግን የሚስቅ የለም፤ በእርሱ ዓለም ሁሉም እንደዚያ ይናገራል። ቋንቋም እንግዲህ የአሳሳል ስልት ነው፤ ከውስጡ ሆኖ የሚሰማው የለም።

ይህን ካርቱን ወደ አማርኛ ልመልስ የሚል ተርጓሚ ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቸገራል። ዐረብኛው ልጁ ለእኩያውም ለአሠልጣኙም በአንድ «አንተ» እንዲናገር ይፈቅዳል። አማርኛ አይፈቅድም። ማጂድ አሠልጣኙን «አንተ» ካለ ባለጌ ሆነ፤ «እርስዎ» ካለ በዐረብኛው ያልነበረ ትሕትና አገኘ። መካከለኛ መንገድ የለም፤ ግሡ ራሱ ማዕረግ ሳይለይ አይዘጋም። የሚያስቀው ደግሞ የመጀመሪያው ጃፓንኛም ለማዕረግ ከአማርኛ የማይተናነስ ጥንቃቄ ያለው መሆኑ ነው። ዐረብኛው ያወለቀውን ልብስ አማርኛው መልሶ ያለብሰዋል፤ ልኩ ግን የሌላ ሰው ነው። ልጁ በሦስቱም ቋንቋ ያንኑ ኳስ ይመታል፤ ከሁለቱ በአንዱ ጨዋ፣ በአንዱ ደፋር መሆኑን አያውቅም። የአማርኛ ተረት ባለሟሎችም ያው ናቸው። ጅቡ «አያ ጅቦ»፣ ጦጣዪቱ «እመት ጦጢት» የሚባሉበት ዓለም ውስጥ ጅቡ «አያ» መባሉን እንደ ጥርሱ የተፈጥሮ ነገር አድርጎ ነው የሚኖረው።

እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ቀን ለማየት የሚሻ ሰው የመተማንና የጋላባትን ድልድይ ይሻገር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከመተማ ተነሥቶ ሲሻገር በሱዳን ሰዓት ስምንት ነው፤ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2017 ሰዓቷን በአንድ ወደ ኋላ ስለመለሰች ልዩነቱ ድሮ ከነበረው ስድስት አምስት ሆኗል። ዓመቱም በሰባት ወይም በስምንት ይቀድማል። ፀሐይዋ ያችው ናት፤ አቧራውም ያው ነው። ጀበናው እንኳ በሁለቱም በኩል ጀበና ይባላል። ሰዓት ጠያቂው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስከዚያ ቀን «ሰዓት» ሲለው የኖረው ነገር «የኢትዮጵያ ሰዓት» መሆኑን ይሰማል።

ይህን ድልድይ ያለፈ ሁሉ ለሽርሽር አላለፈም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ኡም ራኩባና ተዋዋ በኢትዮጵያውያን ተሞልተው ነበር፤ ቤተ እስራኤላውያን በስውር ወደ እስራኤል የተወሰዱትም ከዚሁ ከገዳሪፍ አካባቢ ነው። ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት ዳግመኛ ተከፈተ። ከዚያ ጉዞው ተገለበጠ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ሱዳናውያኑ በመተማ በኩል ገቡ፣ ኩመር በተባለው መጠለያም ሰፈሩ። አብረዋቸው ሱዳን የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ተመለሱ። ከተመላሾቹ መካከል እዚያው የተወለዱ ልጆች ነበሩ፤ አማርኛቸው የቤት አማርኛ ነው፣ ከእናት የተማሩት፣ እናትን «አንቺ» እያሉ የተማሩት። እንዲህ ያለ ልጅ ጎንደር ደርሶ በዕድሜ የገፉ ጎረቤትን ዓይን ዓይናቸውን እያየ «እንዴት አደርህ?» ሲላቸው ነገሩ ወዲያው ይታወቃል። እርሱ በገዳሪፍ ደንብ በጣም ጨዋ ነው፤ ለታላቅ ቆሞ ሰላምታ ሰጥቷል። ሽማግሌው ግን «አንቱ» መባል የለመዱ ናቸው። ከመቆጣት ይልቅ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ይህም ዳፊ ፊት እንደቀረበው መስተዋት ነው። ልጁ አነጋገሩ አነጋገር ብቻ ሳይሆን የአንድ ቦታ አነጋገር መሆኑን በዚያች ጥያቄ ያውቃል። ነገ «አንቱ» ማለትን ይማራል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሱዳን ጓደኞቹ ዐረብኛው ጎንደር ጎንደር ይላል ብለው ይስቁበታል።

የተሳለ ሰው አሳሳሉን ካወቀ በኋላስ ምን ያደርጋል? የኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ ለዚህ አንድ ጥሩ ምሳሌ ይዟል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ መርቆሬዎስ የሚል የአገር ስም ወጥቶለት፣ ለአርባ ዓመት ያህል ኖረ። እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ በሣላት ጊዜ ሕዝቡ እንደ ታወከበት ይተረካል፤ ግራ የንቀት እጅ ነውና፣ አምላክን በግራ መያዝ ነውር ሆኖ ታየ። ሠዓሊው ወደ ቬኒስ ቢጽፍ ኖሮ የገረመውን ይጽፍ ነበር፤ በአገሩ ግራ ክንድ ክንድ ብቻ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ ደግሞ ኢየሱሳውያን የሮሟን የሳንታ ማሪያ ማጆሬን ሥዕል ቅጂ ይዘው መጡ። በዚያም ሥዕል ላይ ሕፃኑ በግራ ክንድ ነው፤ እናቱ ቀኝ እጇን በግራዋ ላይ አሳርፋ ሁለት ጣቷን ዘርግታለች፣ በግራ እጇም የሮም ቤተ መንግሥት ሰዎች ይይዙት የነበረውን ዓይነት መሐረብ ይዛለች። ኢየሱሳውያኑ ብዙም ሳይቆዩ ከአገር ተባረሩ። ሥዕሏ ግን ቀረች፤ የአገሩ ሠዓሊዎች ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጥተው፣ በግዕዝ ጽሑፍ ከብበው፣ ከደብር ደብር አባዟት።

ዛሬ በጎንደርም በገዳሪፍም ከቴሌቪዥን በላይ የተሰቀለችው ብዙውን ጊዜ እርሷ ናት። መሐረቡን የያዙት ጣቶቿ አሉ፤ ሕፃኑም በግራ ክንዷ ነው። ከሥሯ ሆኖ የሚጸልይ ሰው «ግራ ነው» ብሎ አያውቅም።